የቆመ መኪና ባትሪን በስውር የሚያወርደውን ለመፈለግ የትኛው የመለኪያ መንገድ ይመረጥ?

ማታ ያለ ምንም ችግር የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብሎ ብቻ ዝም ካለ፣ የብዙ ባለመኪናዎች የመጀመሪያ ሐሳብ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ቀናት ደህና ይሠራና እሱም እንደ አሮጌው ይወርዳል፤ ጥፋቱ መኪናው ጠፍቶ ሳለ ከረንት መሳቡን ያላቆመ አንድ መብራት፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም የኮምፒውተር ሳጥን ከሆነ ባትሪ መቀየሩ የሚጨምረው ነገር የለምና። ይህን ስውር ፍጆታ ለማግኘት መልቲሜትርን በተከታታይ ማስገባት፣ ክላምፕ ሜትር መጠቀም፣ በፊውዞች ላይ ሚሊቮልት መለካት፣ ፊውዝ እየነቀሉ ማየትና በመብራት አምፖል መፈተሽ የተለመዱ መንገዶች ናቸው። ሁሉም ይሠራሉ፤ ለሁሉም መኪና ግን አይሆኑም። እነዚህን መንገዶች የማወዳድርበት ዋናው ሚዛን የመሣሪያው ዋጋ ወይም የቁጥሩ ጥራት አይደለም፤ ልኬቱ የተኛውን (የኮምፒውተር ሳጥኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ያረፉበትን) መኪና ሳይቀሰቅስና የኮምፒውተር ሳጥኖቹን ኃይል ሳያቋርጥ ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም የሚለው ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች በየመንገዱ ሥር ይታያል።

በመጀመሪያ ግን መኪናው ነው ወይስ ባትሪው?

ስውር ፍጆታ ፍለጋ ረጅም ሥራ ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውና ዲናሞው ከጥርጣሬ መውጣት አለባቸው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ሁለት ዋልታዎች መካከል የሚለካው ቮልቴጅ በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ቻርጁን ሆን ብለው ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ በእነርሱ ላይ አንድ ጊዜ የታየ ዝቅ ያለ ቁጥር ብቻውን ዲናሞውን አያስከስስም። ቮልቴጁ ሞተሩ ሲነሣ ምንም ሳይጨምር በ12 ቮልት አካባቢ ተገትሮ ከቀረ ግን ባትሪው የሚወርደው ስለተሰረቀ ሳይሆን ስላልተሞላ ነው።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም የሚዘለለው ነው። ባትሪው በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ይሞላል፣ ለጥቂት ሰዓታት ያርፋል፣ ከዚያም ይለካል፤ ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። የኔጋቲቩ ሞርሴቶ (ገመዱን ከባትሪው ዋልታ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ) ተፈትቶ ባትሪው ብቻውን ያድርና ጠዋት እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ባለበት ከቆየና ሞርሴቶው ሲመለስ መኪናው በደንብ ከተነሣ፣ ባትሪውን የሚበላው መኪናው ነው። ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ አድሮ ወደ 12.2 ቮልት ከወረደ ግን ግማሽ ያህል አቅሙን በራሱ ጨርሷል ማለት ነውና የፊውዝ ሳጥን መክፈት ከንቱ ድካም ይሆናል። ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪናም ማስነሻው የወሰደውን ለመመለስ ጊዜ ስለማያገኝ፣ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ባትሪው ሊወርድበት ይችላል።

ስንት ሲሆን ነው ብዙ የሚባለው?

ምንም ሳይስብ የሚቆም ዘመናዊ መኪና የለም። ሰዓቱ፣ ማንቂያው፣ የርቀት ቁልፉን የሚያዳምጠው ክፍልና የሞተሩ ኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ሁልጊዜ ጥቂት ይፈልጋሉ። በአብዛኛው መኪና ላይ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ያለው ፍጆታ ጤነኛ ነው፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተጫነባቸው መኪናዎች ከዚህ በመጠኑ ሊያልፉ ይችላሉ። 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ አካሄድ ግማሽ ለመድረስ 25 ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለአንድ ወር ተዘግቶ የቆመ መኪና አልነሣ ማለቱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ያለች 5 ዋት የምትስብ አምፖል በርታ ከቀረች ግን 0.4 አምፔር ያህል ትወስዳለች፣ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ያህል ማለት ነው፤ ያው ባትሪ በሦስት ቀን ውስጥ ግማሽ ይደርሳል። እንግዲህ መኪናው ከሙሉ ባትሪ ተነሥቶ በስንት ቀን እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው፣ መለኪያ ሳይነካ ምን ያህል ቁጥር እንደሚፈልግ በግምት ያውቃል። በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ፍጆታ በአምፔር የሚቆጠር ነው፤ በሳምንት የሚጨርስ ደግሞ ጥቂት መቶ ሚሊአምፔር ነው። የመሣሪያ ምርጫውም በዚህ ላይ ይመሠረታል፤ ሁለት አምፔር ለመፈለግ ጥሩ የሆነ መሣሪያ 80 ሚሊአምፔርን ጨርሶ ላያይ ይችላልና።

መኪናው እንዲተኛ ማድረግ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ይህ ዝግጅት የማይቀር ነው፤ የብዙ ሰው ልኬት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መኪና ሲጠፋ የኮምፒውተር ሳጥኖቹ ወዲያው አይጠፉም። መጀመሪያ ላይ በድምሩ ብዙ አምፔር ይስባሉ፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ሲጨርሱ ፍጆታው ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ብዙዎቹ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይተኛሉ፤ አንድ ሰዓት የሚወስዱም አሉ። መኪናውን አጥፍቶ በአምስተኛው ደቂቃ 3 አምፔር ያየ ሰው ያየው ብልሽት ሳይሆን ገና ያልተኛ መኪና ነው።

ዝግጅቱ እንዲህ ነው። ኮፈኑ ይከፈትና የኮፈኑ መቆለፊያ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ተገፍቶ እንደተዘጋ ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል፤ በውስጥ ያለው የፊውዝ ሳጥን የሚያስፈልግ ከሆነም የበሩ መቆለፊያ በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን በሩ ተከፍቶ ሳለ መኪናው ተዘግቷል ብሎ ያምናል። በስልክ ቻርጀር ቀዳዳ፣ በምርመራ ሶኬት ወይም በሌላ ቦታ የተሰካ ዕቃ ካለ፣ ማታ መኪናው ሲቆም ከረንት የሚስበው እሱው ሊሆን ስለሚችል ለመጀመሪያው ልኬት ባለበት ይተው። የርቀት ቁልፉ ከመኪናው ብዙ ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ቁልፍ ሳይነካ የሚከፈት መኪና ቁልፉን በአቅራቢያው ሲያገኘው ይነቃል። ከዚያ መኪናው ይቆለፍና ይጠበቃል። አንድ ሰው በመካከል በር ከከፈተ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ኮፈኑ ከመውረዱ በፊት በካቻቪቴ የተዘጋው መቆለፊያ መከፈቱን ማረጋገጥ የግድ ነው፤ ይህን ረስቶ ኮፈኑን በኃይል የጣለ ሰው ከባትሪው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

መልቲሜትርን በተከታታይ ማስገባት

ይህ የጥንቱና የሁሉም መማሪያ መንገድ ነው። የኔጋቲቩ ሞርሴቶ ይፈታል፣ መልቲሜትሩ በአምፔር ላይ ይደረጋል፣ አንዱ ገመድ በባትሪው ኔጋቲቭ ዋልታ ላይ፣ ሌላው በተፈታው ሞርሴቶ ላይ ይያያዛል፤ መኪናው የሚስበው ሁሉ በመለኪያው ውስጥ ያልፋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ርካሽ መልቲሜትር እንኳ ጥቂት ሚሊአምፔርን በእርግጠኝነት ያሳያል፤ በትክክለኝነቱ የሚወዳደረው የለም።

ጉዳቱ ሞርሴቶው በሚፈታበት ቅጽበት ላይ ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ ሁሉም የኮምፒውተር ሳጥኖች ይጠፋሉ፣ ሲመለስም ከአዲስ ይጀምራሉ። ፍጆታውን ያመጣው መተኛት ያቃተው አንድ ሳጥን ከሆነ፣ ይህ መጥፋትና መነሣት ለጊዜው ይፈውሰዋል፤ መለኪያው 30 ሚሊአምፔር ያሳያል፣ ባለቤቱ ደህና ነው ብሎ ይዘጋል፣ ከሳምንት በኋላ መኪናው እንደገና አይነሣም። በተጨማሪም አንዳንድ መኪና ኃይል ሲቋረጥበት የሬዲዮ ኮድ ይጠይቃል ወይም የመስኮት ማስተካከያውን ይረሳል።

ለዚህ መድኃኒት አለው። ሞርሴቶው ከመፈታቱ በፊት ጫፍና ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ወፍራም መሸጋገሪያ ገመድ በዋልታው እርሳስና በኬብሉ መካከል ይያያዛል፣ ከዚያ ሞርሴቶው በዝግታ ይነሣል፤ ኃይሉ በገመዱ በኩል ስለሚቀጥል መኪናው ምንም አላወቀም። መልቲሜትሩ ከገመዱ ጎን ለጎን ይያያዝና መኪናው እስኪተኛ ይጠበቃል፤ ሲተኛ ብቻ መሸጋገሪያ ገመዱ ይነሣና ከረንቱ ሁሉ በመለኪያው ያልፋል። ገመዱ ሁለተኛ ሥራም ይሠራል፤ መኪናው ነቅቶ ሳለ የሚስበውን ትልቅ ከረንት ራሱ ስለሚሸከም የመልቲሜትሩ ፊውዝ አይቃጠልም። ብዙ መልቲሜትሮች በአምፔር መሰኪያቸው እስከ 10 አምፔር ብቻ ይችላሉ፤ ሞተር ማስነሻው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ መለኪያው በተያያዘበት ቁልፉን ወደ ማስነሻ ማዞር ፈጽሞ አይሞከርም። የሚሊአምፔር መሰኪያውም ለመጀመሪያ ልኬት አይሆንም፤ ሁልጊዜ በ10 አምፔሩ ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የውስጥ ፊውዙ የተቃጠለ መልቲሜትር ልክ 0.00 ያሳያል፤ ምንም ፍጆታ የለም የሚል መልካም ዜና ይመስላል። ዜሮ የሚስብ መኪና ስለሌለ፣ ዜሮ ያየ ሰው መኪናውን ሳይሆን መልቲሜትሩን ይጠርጥር።

ክላምፕ ሜትር

ክላምፕ ሜትር ገመዱን ዙሪያውን አቅፎ በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት ከመግነጢሳዊ መስኩ ያነባል። ምንም አይፈታም፣ ምንም አይቋረጥም፣ መኪናው አይነቃም፤ ከላይ ባስቀመጥሁት ሚዛን ስመዝነው ከመልቲሜትሩ ይበልጥብኛል። ሆኖም ሲገዛ ሁለት ነገር መታየት አለበት። የመጀመሪያው ቀጥተኛ ከረንትን የሚለካ መሆኑ ነው፤ በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ ክላምፖች ለቤት ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ከረንት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በባትሪ ገመድ ላይ ምንም አያነቡም። ሁለተኛው የሚያሳየው ትንሹ ቁጥር ነው። እስከ 400 ወይም 600 አምፔር የሚለካ ትልቅ ክላምፕ 0.1 አምፔርን በጭንቅ ይለያል፤ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 10 ሚሊአምፔርን የሚለይ፣ ከተቻለም አንድ ሚሊአምፔር የሚያሳይ ዝቅተኛ ክልል ያለው ያስፈልጋል።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያው የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ራሱ ስለሚያነብ፣ ገመዱን ከማቀፉ በፊት በሚለካበት ቦታና አቅጣጫ ተይዞ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት፤ ዜሮ ከተደረገ በኋላ ቢዞር ቁጥሩ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ከኔጋቲቭ ዋልታው ሁለት ወይም ሦስት ገመድ የሚወጣ ከሆነ ሁሉም በአንድነት መታቀፍ አለባቸው፤ ወፍራሙን ብቻ አቅፎ ቀጭኑን የተወ ሰው ሌባውን ትቶ ቤተሰቡን ይቆጥራል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሲሆንም ሙሉ እምነት አይጣልበትም፤ 35 ይሁን 55 ሚሊአምፔር ለመለየት ተከታታዩ መልቲሜትር የተሻለ ነው። 300 ሚሊአምፔር ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ወደ ፊውዝ ሳጥን፣ ወደ ዲናሞ፣ ወደ ውስጥ የሚሄዱትን የገመድ ጥቅሎች አንድ በአንድ እያቀፉ ከረንቱ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ መከተል ማስቻሉ ነው።

በፊውዞች ላይ ሚሊቮልት መለካት

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ፊውዝ ቀጭን ብረት ስለሆነ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፤ ከረንት ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ጥቂት ቮልቴጅ ይጠፋል። የተለመደው ባለ 10 አምፔር ጠፍጣፋ ፊውዝ ሬዚስታንሱ 7.5 ሚሊኦም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በጫፎቹ መካከል 1 ሚሊቮልት ከታየ 130 ሚሊአምፔር ያህል እያለፈበት ነው። የፊውዙ አምፔር ከፍ ባለ ቁጥር ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ፣ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ላይ የታየ ያው 1 ሚሊቮልት ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ከረንትን ያመለክታል። በኢንተርኔት ላይ በየፊውዙ ዓይነት የተሰላ ሠንጠረዥ ይገኛል፤ ሆኖም ፍለጋው ላይ ያለ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ሳይሆን ዜሮ ያልሆነውን ፊውዝ ስለሚፈልግ ሠንጠረዡ ባይኖርም ሥራው አይቆምም።

አሠራሩን በቅርብ ላሳይ። መልቲሜትሩ በሚሊቮልት ክልል ላይ ይደረጋል፤ ቢያንስ 0.1 ሚሊቮልት የሚያሳይ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ፊውዝ ከላይ ሲታይ በፕላስቲኩ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ብረት የሚታይባቸው ነጥቦች አሉት። የመለኪያው ሁለት ሹል ጫፎች በእነዚያ ነጥቦች ላይ ለሁለት ሴኮንድ ያርፋሉ፣ ይነበባል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። 0.0፣ 0.0፣ 0.0፣ ከዚያ 2.3፤ እዚህ ላይ ቆም ይባላል። አርባ ፊውዝ ያለው ሳጥን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ አንድም ፊውዝ ከቦታው አልተነቀለም፣ አንድም ሳጥን ኃይል አልተቋረጠበትም፣ የተኛው መኪናም እንደተኛ ነው። ያጠፋው ክፍል በጥፋቱ ላይ እንዳለ ይያዛል።

ድክመቱም አለ። ፊውዝ ሳጥኖቹ በኮፈን ሥር፣ በዳሽቦርድ ሥርና አንዳንዴ በኋላ ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ስለሚበተኑ ሁሉም እንዲደረስባቸው መቆለፊያዎቹ አስቀድመው መዘጋት አለባቸው። ትልልቆቹ ሣጥን መሰል ፊውዞች አንዳንዶቹ ብረታቸው ከላይ ስለማይታይ ሊለኩ አይችሉም። ውጤቱም የሚናገረው የትኛው መስመር እንደሆነ ብቻ ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ሬዲዮ፣ የጣራ መብራትና የበር መቆጣጠሪያ አብረው ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ ከዚያ በኋላ የመኪናው የሽቦ ሥዕል ያስፈልጋል።

ፊውዝ እየነቀሉ ማየት

መልቲሜትር ወይም ክላምፕ በባትሪው ላይ ተያይዞ፣ ፊውዞች አንድ በአንድ ሲነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መፈለግ አሁንም በብዙ ጋራዥ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ጥቂት ኤሌክትሮኒክስ ባለው አሮጌ መኪና ላይ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ክፉ አልናገረውም። በኮምፒውተር ሳጥን በተሞላ መኪና ላይ ግን የተነቀለ ፊውዝ ሳጥኑን ያጠፋዋል፣ ሲመለስ ደግሞ ያነቃዋል፤ የነቃው ሳጥንም በመረጃ መስመሩ በኩል ጎረቤቶቹን ይቀሰቅሳል። መለኪያው 40 ሚሊአምፔር ሲያሳይ ቆይቶ ድንገት ወደ 2 አምፔር ይዘላል፣ ፊውዙን የነቀለው ሰውም የነካው ነገር ጥፋተኛ ነው ብሎ ያስባል።

እኔ ራሴ በዚህ ተታልያለሁ። ከረንቱ 0.6 አምፔር ላይ የተገተረ መኪና ነበረኝ፤ አንድ ፊውዝ ስነቅል ወደ 0.03 ወረደ፣ መልሼ ስሰካውም እዚያው ቀረ። ጥፋቱን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ግን ያደረግሁት ተገትሮ የቀረውን ሳጥን ከእንቅልፍ እጦቱ ለጊዜው ማዳን ብቻ ነበር። መኪናው ለሁለት ሳምንት ደህና ሆኖ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እንደገና ዝም አለ። ያኔ ፊውዞቹን ሳልነካ በሚሊቮልት ብለካ ኖሮ ጥፋተኛው በእጄ እያለ መስመሩን እከተለው ነበር። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ያድርግ፤ የነቀለውን ፊውዝ ወዲያው አይመልስ፣ በቅደም ተከተል ያስቀምጥና ሁሉም ካለቀ በኋላ ይመልስ።

የመብራት አምፖልና ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ

በተፈታው ሞርሴቶና በዋልታው መካከል ባለ 12 ቮልት አምፖል አስገብቶ መብራቷን ማየት መለኪያ ለሌለው ሰው የተረፈ ዘዴ ነው። አምፖሏ ቁጥር አትናገርም፣ ኃይሉንም ታቋርጣለች፤ በዚያ ላይ የኮምፒውተር ሳጥኖቹ የሚያገኙትን ቮልቴጅ ስለምታወርድ በአዲስ መኪና ላይ የምታሳየው ነገር አይታመንም። ከሬዲዮና ከሰዓት በቀር ምንም ኤሌክትሮኒክስ በሌለው መኪና ላይ ብቻ ትሁን። ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ በአንጻሩ ምንም አይነካም፤ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ ወይም በርታ የቀረች አምፖል በጨለማ ውስጥ እንደ ፍም ትታያለች። 0.4 አምፔር 5 ዋት ሙቀት ስለሆነ በቀላሉ ይታያል፤ 80 ሚሊአምፔር ግን አንድ ዋት ያህል ብቻ ስለሆነ ይደበቃል። ካሜራው ላለው ሰው ጥሩ የመጀመሪያ እይታ ነው፤ ለዚህ ብቻ ብሎ መግዛት ግን አይመከርም። ከካሜራ ይልቅ በእጅ ጀርባ ሪሌዎችን መዳሰስም፣ የቆመ መኪና ሪሌ ሊሞቅ ስለማይገባው፣ አንዳንዴ ያው ሥራ ይሠራል።

ሲለኩት የሚጠፋ ፍጆታ

ሦስት ሌሊት ደህና አድሮ በአራተኛው የሚወርድ መኪና ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። እንዲህ ያለውን ለመያዝ የአንድ ሰዓት ልኬት አይበቃም። ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብን የሚይዝ ክላምፕ ሜትር ገመዱ ላይ አድሮ ጠዋት ሲታይ፣ 40 ሚሊአምፔር ሆኖ ያደረ የሚመስለው መኪና በሌሊት 5 አምፔር መድረሱን ሊያሳይ ይችላል፤ በየስንት ጊዜው እንደነቃ ግን አይናገርም። ጊዜውን ለማወቅ ልኬቱን በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ወይም በባትሪው ላይ ተያይዞ ቮልቴጁን ለስልክ የሚልክ ትንሽ መከታተያ ያስፈልጋል። መከታተያው የሚያሳየው ቮልቴጅ እንጂ ከረንት ባይሆንም፣ መስመሩ በዝግታ ሲወርድ ቆይቶ በአንድ ሰዓት ላይ ድንገት ከታጠፈ፣ በዚያ ሰዓት የነቃው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

የትኛው ለማን?

አሮጌና ኤሌክትሮኒክሱ ጥቂት የሆነ መኪና ያለው ሰው ተከታታይ መልቲሜትርና ፊውዝ መንቀል ይበቃዋል፤ ለሌላ መሣሪያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። መኪናው አዲስ ከሆነና በእጁ ያለው አንድ መልቲሜትር ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው ሚሊቮልትን በአንድ አሥረኛ እስካሳየ ድረስ ያንኑ መልቲሜትር በፊውዞች ላይ ይጠቀምበት፤ ፍጆታ መኖሩንም ሆነ መስመሩን በአንድ ጊዜ ያገኛል። ሥራውን በየጊዜው የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀጥተኛ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትርና ሚሊቮልቱን አንድ ላይ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ክላምፑ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሚሊቮልቱ የት እንደሆነ ይናገራሉ። የሁለቱ ድምር ካልተጣጣመ፣ ማለትም ክላምፑ 0.5 አምፔር እያሳየ በፊውዞቹ ሁሉ ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ፍጆታው በእነዚያ ፊውዞች የማያልፍ ነው።

ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲናሞው ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ከረንቱ ወደ ባትሪው እንጂ ከባትሪው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ፤ አንዱ ከተበላሸ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ክላምፑ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ሲያቅፍ ከረንት ካሳየ ነገሩ አልቋል። ክላምፕ የሌለው ሰው ሞተሩን አስነሥቶ መልቲሜትሩን በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ላይ አድርጎ ባትሪው ላይ ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ዳዮዱ በጽኑ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ በኋላ የተጨመረ ዕቃ ነው። ማንቂያ፣ መከታተያ፣ የድምፅ ማጉያና መኪናው ቆሞም የሚቀርጽ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከፊውዝ ሳጥኑ ውጭ በቀጥታ ከባትሪው ገመድ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ከፖዘቲቭ ዋልታው የሚወጣ ማንኛውም ቀጭን፣ በፋብሪካ ያልተሠራ የሚመስል ገመድ እስከ ጫፉ መከተል አለበት። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪም በእነዚሁ መንገዶች ይለካል፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ በዚህ ሥራ አይነኩም።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ ከሶኬታቸው ይነቀላሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው። እስኪጠገን ድረስ ኔጋቲቩን የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ በሞርሴቶው ላይ መትከል፣ ወይም መብራት ባለበት የሚቆም መኪና ከሆነ ባትሪውን በዝግታ የሚጠብቅ ቻርጀር ማያያዝ ይቻላል። ማብሪያ ማጥፊያው ለአሮጌ መኪና ጥሩ ነው፤ በአዲሱ ላይ በየቀኑ ኃይል ማቋረጥ ሰዓትና ማስተካከያ ስለሚያጠፋ ቻርጀሩ ይሻላል። ባትሪ በወረደ ቁጥር እየሞላ ማስነሣቱ ግን እንደ መፍትሔ አይቆጠር፤ በተደጋጋሚ እስከ ታች የወረደ የእርሳስ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠጠረ አቅሙን ያጣል፣ በመጨረሻም ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ባትሪውም መቀየር ይኖርበታል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ያው ልኬት በዚያው መንገድ፣ ከዚያው ዝግጅትና ከዚያው የጥበቃ ጊዜ በኋላ ይደገም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀድሞ 0.6 የነበረው 0.03 ቢሆንም፣ ፊውዝ ወይም ሞርሴቶ በመካከል ተነቅሎ ከነበረ ያ ቁጥር ገና ምስክር አይሆንም፤ መኪናው እንደ ልማዱ ተነድቶ፣ ቆሞና ተኝቶ በሌላ ቀን ሲለካ ያው 0.03 ከተገኘ ያኔ ይታመናል።